ልጇንስ ለማን ተወችው?

ሰሞኑን አንዲት ወጣት «ጋሼ፣ እናት ሆኖ ሰማዕት መሆን ልጅን መካድ አይሆንም?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ድሮም ተጠይቄ ነበር።

ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ነው። ስለ ሮም ሳስተምር ከመማሪያው መጽሐፍ ወጣ ብዬ ፐርፔቱዋን አነሳሁ። በ203 እ.ኤ.አ. በካርቴጅ፣ በዛሬዋ ቱኒዚያ፣ በክርስትናዋ የተገደለች ናት። ዕድሜዋ 22 ገደማ፣ የደህና ቤተሰብ ልጅ፣ የተማረች፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን ያላት። ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ኢየሉጣ ቂርቆስን ይዛ ነው የሄደችው። ይቺስ ልጇን ለማን ተወችው?»

መልሱን አውቀው ነበር። ፐርፔቱዋ እስር ቤት ሆና ራሷ የጻፈችው ማስታወሻ አለ። በዚያ ጨለማ ከሁሉ በላይ ያስጨነቃት ልጇ ነው። ሁለት ዲያቆናት ለጠባቂዎቹ ጉቦ ሰጥተው ለጥቂት ሰዓት ሻል ወዳለ ቦታ ሲያዘዋውሯት፣ በረሃብ የዛለውን ልጅ አጠባችው። በኋላ አብሯት እንዲቆይ ሲፈቀድላት እስር ቤቱ ቤተ መንግሥት መሰለኝ ትላለች። ለአውሬ እንድትጣል ከተፈረደባት በኋላ ግን አባቷ ልጁን አልሰጥም አለ። ልጁም ጡት መፈለጉን ተወ፣ የእሷም ጡት ሳያብጥ ቀረ፤ ይህንንም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብላ ጻፈችው።

እኔ ታዲያ ገና ጎረምሳ አስተማሪ፣ በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት ስለ ጡት ማውራት አፈርኩ። «እምነቷ በለጠባት» ብዬ አለፍኩ። ልጅቷ በዚያው ዓመት ትምህርቷን አቋረጠች፤ ለምን እንደሆነ አልሰማሁም።

እናንተ ወጣቶች እንኳ በዚህ አታፍሩም፣ ጎበዞች ናችሁ። ግን የምትቀባበሉት ቪዲዮ ሁሉ አውሬና ሰይፍ ነው። የአባቷን ነገር ማን አነሳ? እምነቷን እንድትተው ለሽበቴ እዘኝልኝ ብሎ ለመናት፣ እጇን ሳመ፣ እግሯ ላይ ወደቀ፣ «ልጄ» ማለቱን ትቶ «እመቤቴ» አላት። ገዢው ሂላሪያኖስ በዱላ ሲያስመታው እኔ የተመታሁ ያህል አመመኝ ትላለች። አባት ከሆንኩ ወዲህ እዚህ ጋ ስደርስ ለእሱ አደላለሁ፤ ጥቂት ገጽ አልፌ ደግሞ ለእሷ።

ስለ ጾምና ጸሎት የሚመክራችሁ አታጡም። እኔ የምለው፣ ሰማዕቷ ራሷ የጻፈችው ካለ መጀመሪያ እሱን አንብቡ፣ ሥዕሉን በኋላ ታዩታላችሁ።

አብራት የሞተችው ፌሊሲታስ ባሪያ ነበረች፣ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር። የሮም ሕግ ነፍሰ ጡር እንድትገደል ስለማይፈቅድ ከጓደኞቿ ተነጥላ እንዳትቀር ፈርታ ነበር። እዚያው እስር ቤት ወለደች። ምጡ ጠንቶባት ስታቃስት ዘበኛው «አሁን እንዲህ ከሆንሽ አውሬ ፊት ምን ልትሆኚ ነው?» ብሎ አላገጠባት። የወለደቻት ሴት ልጅ ናት፤ አንዲት ክርስቲያን ወስዳ እንደ ልጇ አሳደገቻት። የአሳዳጊዋ ስም አልተጻፈም። ከእናንተ ታሪክ የሚያጠና ካለና ርዕስ ከቸገረው፣ ክርስቲያኖች በእምነታቸው ይገደሉ በነበረበት ዘመን የሰማዕታትን ልጆች ማን ያሳድግ እንደነበር ፈልጎ ይጻፍልን።