የአንገት ደም ቧንቧ ጠበበ ሲባል፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን ከጅማና ከአካባቢዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ካሮቲድ ናቸው። ካሮቲድ በአንገታችን ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ነው። ግድግዳው ላይ ስብ ሲጋገር ይጠባል። ከዚያ የተላቀቀ ቁራጭ ወይም የረጋ ደም አንጎል ከደረሰ ስትሮክ ያመጣል።

«አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ለሌላ ጉዳይ ሲመረመሩ የአንገታቸው ደም ቧንቧ 75 በመቶ ጠቧል ተባለ። ምንም አያማቸውም። አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል?» (ከአጋሮ)

ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን 75 በመቶ ጠበበ ማለት ስትሮክ የመምታቱ ዕድል 75 በመቶ ነው ማለት አይደለም። ከቁጥሩ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ፦ ባለፉት 6 ወራት ምልክት ታይቷል ወይ? በአንድ ወገን መዛል፣ አፍ መተሳሰር፣ አንድ ዓይን ለጥቂት ደቂቃ መጨለም?

እ.ኤ.አ. በ1991 ውጤቱ የወጣው ናስኬት የተባለ ጥናት፣ ምልክት የታየባቸውንና ቧንቧቸው 70 በመቶና ከዚያ በላይ የጠበበ ሰዎችን ተከታትሏል። በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያው ወገን ስትሮክ የመታቸው ከ100 ሰው 26 ነበሩ። ቀዶ ሕክምና ካገኙት ደግሞ 9። ምልክት በሌላቸው ሰዎች ላይ በ1995 የወጣው አካስ የተባለው ጥናት ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ስትሮክ የመታቸው ከ100 ሰው በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 11፣ ቀዶ ካገኙት 5 ገደማ ነበሩ። ያውም ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች እንደዛሬው ሳይስፋፉ።

ስለዚህ ለመጠየቅና ለማሰብ ጊዜ አላችሁ። ሐኪሙን ጠይቁ፦ ካለፈው አልትራሳውንድ ወዲህ ጥበቱ ጨምሯል? የተጋገረው ስብ ገጹ ልሙጥ ነው ወይስ የተሰነጠቀ? በሲቲ ስካን ሳይታወቅ ያለፈ ስትሮክ አለ? የቀዶ ሐኪሙንም ውጤት ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ቀዶው ራሱ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ምልክት ለሌለው ሰው ይህ ስጋት ከሞት ጋር ተደምሮ ከ3 በመቶ በታች ካልሆነ ጥቅሙ ይጠፋል።

«እናቴ ቡና ስትቀዳ ጀበናው ከቀኝ እጇ ወደቀ፤ አፏም ተያያዘ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደህና ሆነች። አሁን ‹ድካም ነው፣ ሐኪም ቤት አልሄድም› ትላለች።» (ከሄርማታ)

ለላኪዋ ወዲያውኑ መልሻለሁ። እዚህ የምጽፈው ለሌሎቻችሁ ነው። እባካችሁ፣ ተሻላት ብላችሁ አትቀመጡ! ይህ ትንሹ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ትልቁ የሚከተል ከሆነ፣ ስጋቱ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናትና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በዚያው ሰዓት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። ጸሎቱም ዱዓውም እዚያው ሆኖ ይደረሳል።

ቀኝ እጅ ዝሎ ንግግር ሲተሳሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠረጠረው የግራው አንጎል ነው፤ ስለዚህ የደም ፍሰትን በሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ የግራው ካሮቲድ በደንብ መታየት አለበት። ቀዶ የሚያስፈልጋት ከሆነ ጥቅሙ የሚጎላው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲደረግ ነው። አስፕሪን በራሳችሁ አትስጧት። ደም ፈሶም ሊሆን ስለሚችል ሲቲ ስካን ይቅደም።

«ጫት እቅማለሁ፣ ምርቃናው ሲመጣ ሲጋራ አጨሳለሁ። ቧንቧህ ጠቧል ተብያለሁ። ቡናም ልተው?» (ከመንደራ)

ሲጋራውን ዛሬ ተው። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ ሲጋራውንም የሚጠራው እሱ ስለሆነ አብሮ ቢቀር ደስ ይለኛል። ቡናን በልክ ጠጣ። ጨው የምትጨምርበት ከሆነ ግን ጨውን አስቀር።

«ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል፣ ቀዶ አያስፈልግም አሉኝ። ተስፋ ቆርጠውብኝ ነው?»

አይደለም። ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ደም ስለማያልፍበት፣ በዚያ በኩል ቁራጭ ወደ አንጎል የመሄዱ ዕድል ይቀንሳል፤ መክፈቱም ብዙ ጊዜ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። መድኃኒትዎን አያቋርጡ። የሌላኛውን ወገን ክትትልም እንዲሁ።

«ጤነኛ ነኝ። ለጥንቃቄ አንገቴን ልታይ?»

ምልክት ከሌለዎት አይመከርም። በዚያ ብር የግፊት መለኪያ ይግዙ። በተለያየ ቀን ሲለኩ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።