«ራስ ማዞር» ወይስ «ራስ መዞር»?

ጥያቄ፦ ጎንደር የምማር የጤና ተማሪ ነኝ። ስለ ቨርቲጎ (ዙሪያው የሚሽከረከር ስለሚመስልበት ስሜት) ለሕመምተኞች የሚታደል አንድ ገጽ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። «ራስ ማዞር» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ «የሚዞረው ራስ ስለሆነ ራስ መዞር በዪው» አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «አዙሪት» ይሻላል ትላለች። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ አስተማሪዎ አልተሳሳቱም፤ ግን እርስዎም ልክ ነዎት።

«ራሴን ያዞረኛል» ስንል የሚያዞረው ማን ነው? ማንም አይታወቅም፤ የሚጠይቅም የለም። «ራበኝ»፣ «በረደኝ» እንደምንለው ነው። ሰውየው የግሱ ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ነው። ለዚህ ነው ሴቷን «ያዞራታል» የምንላት። «ታዞራለች» ካልናትማ ወይ መሪ ይዛለች፣ ወይ ቀዳሜ ገበያ ሸቀጥ አዟሪ ሆናለች። «ራሴን» ላይ ያለችው «ን» ደግሞ «ጥርሴን አመመኝ» ላይ ያለችው ናት። «ራስ ማዞር» ከዚህ ግስ የወጣ ስለሆነ ትክክል ነው። «ራሴ ዞረ»ም ይባላል። እንዲያውም «ናላዬ ዞረ» ከሱ ይበልጣል፤ ግን እሱን የምንለው ባብዛኛው ጫጫታና ጣጣ ሲበዛብን ነው። «አዙሪት»ን ይተዉት። የወንዝ ነው፤ ጋዜጦችም «የድህነት አዙሪት» እያሉ አድክመውታል።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ቨርቲጎ «መዞር» ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ቃል ነው፤ የሚናገረውም ስለ መሽከርከር ስሜት ብቻ ነው። የእኛ «ራስ ማዞር» ግን ሰፊ ነው። አንዲት እናት ገብተው «ያዞረኛል» ቢሉ ገና ምንም አልታወቀም። እንዴት እንደሚያዞራቸው ሲጠየቁ ነው አማርኛው የሚፈታው።

«አልጋዬ ላይ ገልበጥ ስል ጣሪያው ይዞርብኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ይተወኛል» ካሉ ቨርቲጎ ማለት ይሄ ነው። «ይዞርብኛል» የምትለዋን ልብ ይበሉ። አሁን ባለቤት አለ፤ ጣሪያው። እሳቸው ደግሞ በ«ብኝ» ተጎጂ ሆነው ገብተዋል። በየጆሯችን ውስጠኛ ክፍል ፈሳሽ ያለባቸው ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ፤ የራስን መዞር ለአንጎል የሚነግሩት እነሱ ናቸው። አጠገባቸው ካለው ክፍል ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ተላቀው ወደ ቱቦዎቹ ሲገቡ፣ ሰውየው ጋደም እንዳለ ጆሮው «ተሽከረከርን» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም።

«ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልምብኛል» ግን ሌላ ነው። እዚህ የሚዞር ነገር የለም። ሲነሱ የደም ግፊት ድንገት መውረዱ ሊሆን ይችላል፤ በቂ ውሃ ሳይጠጣ የዋለ ጿሚ ያውቀዋል። «ራሴ ደህና ነው፤ ስራመድ ያንገዳግደኛል» የሚሉም አሉ። ይሄ የሚዛን ነገር ነው፤ ጆሮ ብቻ ሳይሆን ዓይንም እግርም ይፈተሻል። «ያጥወለውለኛል» ደግሞ ወደ ማስመለስ ያደላል። ከደባርቅ ወዲያ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በአውቶቡስ የወረደ ሰው ትርጉም አያሻውም፤ ዓይን የመኪናውን ውስጥ እያየ «ቆመናል» ሲል ጆሮ «እየዞርን ነው» ይላል። «ጆሮዬን ጭው እያለ ያዞረኛል፤ መስማትም ቀንሶብኛል» ካሉም ለብቻው ይጻፍ። በ1861 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሐኪም ሜኒየር ከጆሮ ጋር ያገናኘው ሕመም እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ስለዚህ ርዕሱን «ራስ ማዞር» ይበሉት፤ ከሥሩ ግን የሰዎቹን ግሶች እንዳሉ ያስቀምጡ። «ዙሪያዎ ይዞርብዎታል? ዓይንዎ ይጨልምብዎታል? ያንገዳግድዎታል?» ይበሉ። «የሚዛን ስሜት መዛባት» የሚል ሐረግ ካለ ይሰርዙት። እህል የሚመዝን ዕቃ የተበላሸ ይመስላል። «ቀጥ ብሎ መቆም ያቅትዎታል?» ሁሉም ይገባዋል።

አንድ ወጥመድም አለ። የጆሮ ቅንጣቶቹ የሚመለሱት ባለሙያ የሕመምተኛውን ራስ ወዲህና ወዲያ እያዞረ ነው። በአማርኛ ያው «ራስ ማዞር» ነው! ራስ ማዞር በራስ ማዞር ይታከማል ብለው እንዳይጽፉ፤ አንባቢው ይስቅብዎታል፣ ወይም ቤቱ ይሞክረዋል። ሕክምናው ላይ ሲደርሱ «ራስን ወደ ቀኝ ማዘንበል»፣ «በጎን መጋደም» ይበሉ።

የመጨረሻው መስመር ላይ ግን አይቆጥቡ። «የንግግር መታወክ» ሳይሆን «ከማዞሩ ጋር ምላስዎ ከተሳሰረ፣ ፊትዎ ከተጣመመ፣ አንድ ጎንዎ ከሰነፈ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየዎት አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ» ብለው በደማቁ ይጻፉ።