ጥያቄና መልስ፦ የመጽሐፍ ማንበቢያው በአብራሪው ጭን ላይ

በዚህ ዙር የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአሜሪካ አነስተኛ አውሮፕላን ማብረር ከሚማሩ ወይም ፈቃድ ካወጡ አንባቢዎች ናቸው። የሚጠይቁትም ስለ አንድ ጉዳይ ነው፦ ኪንድልንና መሰሎቹን፣ ማለትም መጽሐፍ ለማንበብ የተሠሩትን ባለ ጥቁርና ነጭ መሣሪያዎች፣ የበረራ ቻርት ለማየት መጠቀም።

ከዳላስ፣ የበረራ ተማሪ፦ «ዘመዴ ኪንድል ዲኤክስ የሚባለውን ትልቁን ማንበቢያ ሰጠኝ። በመሣሪያ መብረር፣ ማለትም ውጭውን ሳላይ በአውሮፕላኑ መሣሪያዎች ብቻ እየተመራሁ መብረር፣ እየተማርኩ ስለሆነ የአቀራረብ ቻርቶችን ልጭንበት አስቤያለሁ። ያዋጣል? ሕጉስ ይፈቅዳል?»

ያዋጣል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የሚያሳትመው የአቀራረብ ቻርት፣ ማለትም በመሣሪያ እየተመሩ ወደ ማኮብኮቢያው የሚወርዱበትን መንገድ የሚያሳየው ገጽ፣ ወርዱ 13.7፣ ቁመቱ 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዲኤክስ ደግሞ ስክሪኑ በሰያፍ 9.7 ኢንች ስለሆነ ወርዱ 14፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ገጹ ማጉላትና መጎተት ሳያስፈልገው በልኩ ቁጭ ይላል። ባለ 6 ኢንቹን ግን አይሞክሩት። ያንኑ ገጽ ከልኩ 60 በመቶ ያህል ብቻ ያደርገዋል፤ የሚጎዳውም በጣም የሚያስፈልግዎት ክፍል ነው። ከግርጌ ያለው ሠንጠረዥ፣ ማኮብኮቢያው ካልታየ ከየትኛው ከፍታ በታች መውረድ እንደሌለብዎት የሚናገረው፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነው። ሶፋ ላይ ሆነው ይነበብልዎት ይሆናል፤ ደመና ውስጥ በሚንገጫገጭ አውሮፕላን ግን 3 እና 8ን ለመለየት ዓይንዎን ማፍጠጥ የለብዎትም።

ሕጉን በተመለከተ፣ ለንግድ ባልሆነ የግል በረራ ቻርቱ የግድ በወረቀት ይሁን የሚል የለም። ሕጉ የሚያዝዘው አብራሪው ከመነሣቱ በፊት በረራውን የሚመለከተውን መረጃ ሁሉ እንዲያውቅ ነው። በመሣሪያ ሲበርሩ ደግሞ የያዙት ኤሌክትሮኒክ ዕቃ የአውሮፕላኑን የሬዲዮና የአቅጣጫ መሣሪያዎች እንደማይረብሽ የመወሰኑ ኃላፊነት የራስዎ ነው፤ ስለዚህ የማንበቢያውን ገመድ አልባ ግንኙነት ከመነሣትዎ በፊት ያጥፉት። ለፈተና ይዘው ሊቀርቡ ካሰቡም ፈታኙን አስቀድመው ይጠይቁ።

ሌላም ጥቅም አለው። ታብሌት ፀሐይ ሲያርፍበት መስታወት ይሆናል፤ የራስዎን ፊት ነው የሚያዩት። ማንበቢያው ግን የሚታየው በሚያርፍበት ብርሃን ስለሆነ ፀሐዩ በበረታ ቁጥር ይጠራል። አንዳንድ የፀሐይ መነጽሮች የታብሌቱን ስክሪን ያጠቁሩታል፤ ይህን አይነኩትም። ባትሪውን የሚበላውም በዋናነት ገጽ ሲቀየር ነው። የጎደለውን አንድ ነገር ግን ይወቁት፦ አውሮፕላኑ የት እንዳለ በቻርቱ ላይ አያሳይዎትም። እንደ ወረቀት ይያዙት፤ ከወረቀት በላይ አይጠብቁበት።

ከቨርጂኒያ፣ የግል አብራሪ፦ «እኔ በጠራ አየር በዓይኔ እያየሁ ነው የምበርረው። ሴክሽናል ካርታውንስ ልጭነው?»

አይጫኑት። ሴክሽናል በዓይን እያዩ ለሚበርሩ የተዘጋጀ የአየር ካርታ ነው፤ ቋንቋውም ቀለም ነው። ባልተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር የታጠረው በትልልቆቹ አውሮፕላን ማረፊያዎች ዙሪያ ያለው፣ ክፍል ቢ የሚባለው የአየር ክልል ነው፤ ባልተቆራረጠ ወይን ጠጅ የታጠረው ክፍል ሲ ነው። የተቆራረጠው ሰማያዊ ዲ ነው፤ የተቆራረጠው ወይን ጠጅ ደግሞ ከመሬት የሚነሣው ክፍል ኢ። ማንበቢያው 16 ዓይነት ግራጫ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለቱም ቀለሞች አመድ ይሆኑብዎታል። ከተቆራረጡት ዲ ከመግባትዎ በፊት ከተቆጣጣሪው ጋር በሬዲዮ መገናኘትን ይጠይቃል፣ ኢ ግን በጠራ አየር አይጠይቅም። በዚያ ላይ እርስዎ የሚበርሩት ዋሽንግተን አጠገብ ነው። ከከተማዋ የሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ጣቢያ እስከ 30 የባሕር ማይል ድረስ ልዩ የበረራ ደንብ የሚሠራበት የአየር ክልል አለ፤ የበረራ ዕቅድ ሳያስመዘግቡና ሳይፈቀድልዎ ቢገቡ ፈቃድዎን እስከማጣት የሚያደርስ ጣጣ ነው። እዚያ ሰፈር በግራጫ መስመር አይገመትም።

ደግሞም ሴክሽናል ሲዘረጋ ጠረጴዛ የሚሸፍን ወረቀት ነው። በትንሽ ስክሪን ላይ ወዲያ ወዲህ ሲጎትቱት ማንበቢያው በየጊዜው ጥቁር እያለ ይታደሳል፤ ያን ጊዜ ወደ ውጭ ማየት ነበረብዎት። ለዚህ ሥራ ባለ ቀለም ታብሌት ወይም ወረቀቱን ራሱን ይያዙ።

ከሚኒያፖሊስ፦ «ሌሊትስ?»

አሮጌዎቹ የራሳቸው መብራት የላቸውም፤ የእጅ ባትሪ ይጠይቃሉ። ብዙ አብራሪዎች ዓይናቸው ጨለማውን እንዳይረሳ ቀይ መብራት ያበራሉ። በወረቀት ካርታ ላይ ቀይ መብራት ቀዩንና ወይን ጠጁን መስመር ያጠፋዋል፤ ማንበቢያው ቀለም ስለሌለው የሚጠፋበት ነገር የለም። እንደ ኪንድል ፔፐርዋይት ያሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ የመጡት፣ የራሳቸው መብራት አላቸው፤ እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው ይጠቀሙ።

ከአትላንታ፦ «ቻርቶቹን ከጫንኩ ሁለት ወር ሆኖኛል፤ የማርፍባቸው ቦታዎች ግን ያው ናቸው። መለወጥ አለብኝ?»

ጊዜያቸው አልፎ ሁለተኛው እትም ራሱ አልፎባቸዋል። የአቀራረብ ቻርቶች በየ28 ቀኑ ይታደሳሉ። ማረፊያው ያው ይሁን እንጂ ፍሪኩዌንሲ ይቀየራል፣ ክሬን ይቆማል፣ ዝቅተኛው ከፍታ ከፍ ይላል። ቻርቶቹን ከአስተዳደሩ በነፃ ስለሚያገኙ ለስንፍና ሰበብ የለም። አዲሱ እትም ሥራ ላይ የሚውለው አብራሪዎች «ዙሉ» በሚሉት የግሪንዊች ሰዓት 9:01 ላይ ነው። አትላንታ በበጋው ወቅት ገና ሊነጋ ሲል፣ አዲስ አበባ ደግሞ እኩለ ቀን መሆኑ ነው። እንደ እኔ የእጅ ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው በረራ ላይ ቢተወው ይሻላል፤ ሦስት አቆጣጠር በአንድ ራስ ይበዛል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ገጹን ለማጉላት ሲሉ ኅዳጉን የሚቆርጡ አሉ። ቻርቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ የሚናገረው ጽሑፍ ግን የታተመው በገጹ ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ ቁልቁል ነው። ከቆረጡት የትኛው አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ የሚያውቁበት መንገድ አይኖርዎትም። ሌላው፣ የክፍለ ሀገሩን ቻርት ሁሉ በአንድ ፋይል አይጫኑ፤ አሮጌ ማንበቢያ እሱን ሲያገላብጥ አውሮፕላንዎ ማረፊያውን አልፎ ይሄዳል። የሚነሡበትን፣ የሚያርፉበትን፣ ተለዋጭ ማረፊያውንና በመንገድ ያሉትን ብቻ ይጫኑ፤ በማረፊያው መለያ ኮድ ይሰይሟቸው፤ የቀድሞዎቹን ይሰርዙ። ሁሉንም መሬት ላይ ሳሉ አንድ ጊዜ ይክፈቷቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ መንገደኛ፦ «የአየር መንገድ አብራሪዎች በታብሌት ነው የሚሠሩት ይባላል። ቢበላሽባቸውስ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ደርሷልም። የአሜሪካን ኤርላይንስ አብራሪዎች ከ15 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነውን የወረቀት ቦርሳ ትተው እ.ኤ.አ. በ2013 ሙሉ በሙሉ ወደ አይፓድ ገብተው ነበር። በኤፕሪል 2015 አንድ የሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ቻርት በስህተት ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ስለነበር መተግበሪያው ተዘጋ፤ በደርዘን የሚቆጠሩ በረራዎች ዘገዩ። ማንም አልተጎዳም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ሰው፤ የዋናው አብራሪና የረዳቱ ታብሌቶች ግን የያዙት አንድ መተግበሪያና አንድ የመረጃ ቋት ስለነበር ሁለቱ ባላዎች አብረው ተነቀሉ። እኔ ለግል አብራሪዎች ማንበቢያውን የምመክረው ከዚህ የተነሣ ነው። ዋናው ታብሌት ይሁን፤ ሁለተኛው ግን ሌላ ታብሌት ከሚሆን በአሠራሩም በፋይሉም የማይመሳሰለው ይሁን።

ከአዲስ አበባ፣ የአቪዬሽን ሠልጣኝ፦ «እኔስ ይዤ ልግባ? ከፍታውስ አይጎዳውም?»

በራስዎ ፈቃድ አይግቡበት። በማሠልጠኛና በአየር መንገድ ኮክፒት ውስጥ የሚገባው መሣሪያ ድርጅቱ ያስፈቀደው ብቻ ነው፤ እርስዎ የሚበርሩባቸውም ቻርቶች የአሜሪካዎቹ አይደሉም። ለማንዋል ንባብ ግን ቤትዎ ውስጥ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ከፍታውን በተመለከተ፣ ይህ ስጋት የመጣው ዲስኩን የሚያነበው ክፍል በቀጭን አየር ላይ ከሚንሳፈፍበት ከአሮጌው ሐርድ ዲስክ ነው፤ እሱ ከ3,000 ሜትር በላይ አይታመንም ነበር። ማንበቢያው የሚሽከረከር አካል የለውም፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ባለችው ቦሌ ያለ ችግር ይሠራል።