ቮክ ሪሃብ ላይ ሆኖ «መሥራት አልችልም» ማለት ይቻላል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ጦር አገልግለው ጉዳት የደረሰባቸው ወገኖቻችንና ቤተሰቦቻቸው ሰሞኑን የላኩልኝ ጥያቄዎች በሁለት ነገሮች ዙሪያ ናቸው። አንደኛው ቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ለተጎዱ ወታደሮች የሚሰጠው የሥራ ሥልጠናና ድጋፍ ነው። በ2020 ስሙ ቢቀየርም ሁላችንም አሁንም ቮክ ሪሃብ ነው የምንለው። ሁለተኛው ቲዲአይዩ ነው። ሬቲንጉ (ቪኤ ለጉዳቱ የሚሰጠው ፐርሰንት) 100 ሳይሞላ፣ በአገልግሎት ላይ ባገኘው ጉዳት የተነሳ ቋሚ ሥራ መያዝ ላልቻለ ሰው በ100 ፐርሰንት መጠን የሚከፈለው ማለት ነው።

«70 ፐርሰንት ነኝ፤ 50ው የፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት) ነው፣ ሌላው የጀርባ። በቮክ ሪሃብ ኮሌጅ እየተማርኩ ነው። ለቲዲአይዩ ላመልክት ስል ጓደኞቼ ‹አንዱን ምረጥ፣ ሁለቱንም ታጣለህ› አሉኝ።» (ከአሌክሳንድሪያ)

የጓደኞችህ ስጋት ይገባኛል፤ ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። ቲዲአይዩ የሚያገኝ ሰው ሥልጠና ላይ ስለሆነ ብቻ ሬቲንጉ አይቀነስበትም። ቪኤ ለመቀነስ ጤንነቱ በግልጽ መሻሻሉን ወይም በሥራና በገቢ በእርግጥ ወደፊት መራመዱን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ሥራ ቢጀምር እንኳ 12 ተከታታይ ወራት ሳይሠራ፣ ሥራ ይዟል በሚል ብቻ ክፍያው አይነካም።

እንዲያውም ቮክ ሪሃብ ራሱ ምስክር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ካውንስለሩ (የቮክ ሪሃብ አማካሪህ) ሁኔታህን መርምሮ «በአሁኑ ሰዓት ይህን ሰው ለሥራ ማብቃት አይቻልም» ብሎ ከወሰነ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቀህ ከቲዲአይዩ ማመልከቻህ ጋር አያይዘው። ጠንካራ ማስረጃ ነው። ያ ውሳኔ በቮክ ሪሃብም በኩል በሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ራስን ችሎ በቤት ውስጥ ለመኖር የሚረዳ ሌላ መስመር አለው።

አደጋው ያለው እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር መናገር ላይ ነው። ለካውንስለሩ «ምንም አይለኝም፣ የጭነት መኪና እነዳለሁ» ብለህ፣ በቲዲአይዩ ማመልከቻው በ21-8940 ፎርም ላይ «አንድ ሰዓት መቀመጥ አልችልም» ብትል ሁለቱም ፋይልህ ውስጥ ይገኛሉ። እኛ ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን። እሱም «ደህና ነኝ ብሏል» ብሎ ይጽፋል። ምስጋናውን አትተው፤ ግን ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንደምትነቃ፣ ስንት ቀን ከክፍል እንደቀረህ ሳትናገር ከክሊኒኩ አትውጣ።

«አንዱ ጉዳቴ 40፣ ሌላው 30 ነው። 70 ስለሆነ ለቲዲአይዩ አልፋለሁ ማለት ነው?» (ከሚኒሶታ)

በቪኤ ሒሳብ 40 እና 30 ሰባ አይሆኑም። መጀመሪያ 40ውን ከ100 ያነሡና 60 ይቀራል። ከዚያ 30 ፐርሰንቱ የሚሰላው በቀረው 60 ላይ ነው፤ ያ 18 ነው። ድምሩ 58፣ ሲጠጋጋ 60። መመዘኛው ደግሞ ወይ ብቻውን 60 የሆነ አንድ ጉዳት፣ ወይ ቢያንስ አንዱ 40 ሆኖ በድምር 70 ነው። ስለዚህ እንዲሁ ሲታይ አይሞላም።

ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት ግን ሁለቱ ጉዳቶች ከየት እንደመጡ ያስታውሱ። ከአንድ አደጋ ወይም ከአንድ መንስኤ የመጡ ከሆኑ እንደ አንድ ጉዳት ይቆጠራሉ፤ ያኔ 60ው ይበቃል። ይህንን የሚነግርዎት ሰው ስለማይገኝ በማመልከቻው ላይ ራስዎ ይጻፉት። በዚህም ካልሞላ፣ ቢሮው ጉዳዩን በልዩ ሁኔታ እንዲታይ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የሚልክበት ድንጋጌ አለ።

«አጎቴ ግሮሰሪ ውስጥ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሒሳብ እቀበላለሁ። ሲያመኝ ጥዬ እሄዳለሁ። ይህ እንደ ሥራ ይቆጠርብኛል?» (ከሲያትል)

የዓመት ገቢሽ መንግሥት ለአንድ ሰው ከሚያወጣው የድህነት መስመር በታች ከሆነ አይቆጠርብሽም። ከዚያ በላይ ቢሆንም እንኳ፣ ዘመድ አዝኖ ያስቀመጠሽና ሌላ አሠሪ የማይታገስሽ ከሆነ ይህም ግምት ውስጥ ይገባል። አጎትሽ ስንት ሰዓት እንደምትሠሪ፣ በወር ስንቴ ጥለሽ እንደምትሄጂ፣ ሌላ ሠራተኛ እንዲህ ቢያደርግ ያቆየው እንደሆነ ይጻፍልሽ። «በካሽ ይስጥሽ፣ አይታይም» የሚሉሽን አትስሚ። ፎርሙ ገቢን በሙሉ ይጠይቃል፤ ፈርመሽ ከዋሸሽ ወንጀል ነው። ቪኤ የደሞዝ መረጃን ከሶሻል ሴኩሪቲ ጋር ያመሳክራል።

«63 ዓመቴ ነው። ጡረታ ደርሰሃል ብለው ይከለክሉኛል?» (ከዳላስ)

አይችሉም፤ ለቲዲአይዩ ዕድሜ ከግምት አይገባም። ግን «አርጅቻለሁ» የሚለውን ቃል እርስዎም አይጻፉ፤ ስለ ጉዳትዎ ብቻ ይጻፉ።

«ልጄ ከጦሩ የወጣው በ2011 ነው፤ ሬቲንግ ያገኘው ግን በ2019። ቮክ ሪሃብ 12 ዓመት አልፎበታል አሉት።» (አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እማማ፣ አላለፈበትም። 12ቱ ዓመት የሚቆጠረው ከተሰናበተበት ቀን ወይም የመጀመሪያው የሬቲንግ ደብዳቤ ከደረሰው ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ ነው። እስከ 2031 ጊዜ አለው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ወዲህ የተሰናበቱት ደግሞ የጊዜ ገደቡ አይመለከታቸውም። የቮክ ሪሃብ ማመልከቻ ፎርሙ 28-1900 ነው። ሬቲንጉ 20 ከሆነ ጉዳቱ ለሥራ እንቅፋት መሆኑን ማሳየት ይበቃዋል፤ 10 ከሆነ እንቅፋቱ ከባድ መሆኑን ማሳየት ይኖርበታል።

«አንድ ሰው ‹የመጀመሪያ ማመልከቻህን እኔ እሞላለሁ፣ ሲፈቀድ የጥቂት ወር ጭማሪውን ትሰጠኛለህ› አለኝ።» (ከአትላንታ)

አትስጠው። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ገንዘብ መቀበል ሕጉ አይፈቅድም። ፈቃድ ያለው ጠበቃም ቢሆን ማስከፈል የሚችለው ቪኤ የመጀመሪያ ውሳኔ ከሰጠ በኋላ ነው። እንደ አሜሪካን ሊጅን፣ ዲኤቪና ቪኤፍደብሊው ያሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ፈቃድ ባላቸው ሰዎቻቸው በነፃ ይሠሩልሃል። እስከዚያው የማመልከት ሐሳብ ማሳወቂያውን ዛሬ አስገባ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከቻውን ካሟላህ፣ ቢፈቀድ ክፍያው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊታሰብልህ ይችላል።

«ጠቅልዬ አዲስ አበባ ልገባ ነው። ክፍያው ይቋረጣል?» (ከላስ ቬጋስ)

አገር ቤት መኖርዎ ብቻውን አያቋርጠውም። የሚያቋርጠው ለድጋሚ ምርመራ የተላከ ደብዳቤ የቀድሞ አፓርታማዎ የፖስታ ሣጥን ውስጥ ሲቀር ነው፤ ከመሄድዎ በፊት አድራሻዎን ይቀይሩ።