ለአሮጌ ዲኤክስ አላርም ራስህ ስትገጥም

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። በፈረንጆቹ የሰማንያዎቹ ሞዴል ቶዮታ ዲኤክስ አለህ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት በሯን ፈልቅቀው ቴፕና ክሪክ ወስደውብሃል። አሁን አላርም ልትገዛ ነው፤ "ራሴ ልግጠመው ወይስ ለኤሌትሪሻን ልስጠው?" ብለሃል።

እኔ በሁለቱም አልፌያለሁ። የመጀመሪያውን አላርም የገጠመልኝ አንድ የሰፈር ኤሌትሪሻን ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል አልፈጀበትም፤ ቅልጥፍናው ገርሞኝ ጉርሻ ሁሉ ጨመርኩለት። ክረምት ሲገባ አላርሙ ያለምክንያት ሌሊት መጮህ ጀመረ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ባትሪ መሞት መጣ። ዳሽቦርዱን ከስር ፈትቼ ሳይ ሽቦው ሁሉ በጣት ተጠምዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ፕላስተሩም በሙቀት ቀልጦ እየተንሸራተተ ነው። ነቅዬ አውጥቼ በሁለት እሁድ ራሴ ደግሜ ገጠምኩት። ይኸው ስንት ክረምት አለፈ።

ስለዚህ መልሴ፦ ራስህ ግጠመው። ግን አላርሙን ከመግዛትህ በፊት አንድ ቅዳሜ ለመኪናዋ ስጣት። በአሮጌ መኪና ላይ አስቸጋሪው አላርሙ አይደለም። አላርሙ አዲስ ነው፣ ባለ ሥዕል ወረቀትም አለው። የሚያስቸግርህ የአርባ ዓመት ሽቦ ነው።

ቅዳሜህን በውስጥ መብራቷ ጀምር። በሮቹን አንድ በአንድ ክፈትና እይ። መብራቱ በእያንዳንዱ በር ይበራል? አንዴ በርቶ ይርገበገባል? የበሩ ምሰሶ ላይ በሩ ሲዘጋ የምትጫን ትንሽ ቁልፍ አለች። በሩ ሲከፈት ብቅ ትልና ሽቦውን ከቦዲ ጋር ታገናኛለች፤ መብራቱ የሚበራው በዚያ ነው። አላርሙም በሩ መከፈቱን የሚያውቀው ይቺኑ ሽቦ አድምጦ ነው። ቁልፊቱ ከዛገች ወይም ላስቲኳ ተቀድዶ ውሃ ካስገባች፣ በሩ ተዘግቶም "ተከፈተ" ትለዋለች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚያስጮኸው ይኼ ነው፤ ሰው ግን አላርሙን ይረግማል። የእኔዎቹን ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ ብሎኗ የምትታሰርበትን ላሜራም ጭምር፣ ምክንያቱም ከቦዲ ጋር የምትገናኘው በብሎኗ በኩል ነው። የኋላ በሮቼ ላይ ቁልፊቱ ጭራሽ አልነበረችም። ሁለት ገዝቼ፣ ቀዳዳ በስቼ፣ ከፊቶቹ ጋር አገናኘኋቸው። የቶዮታ መልካም ነገር በሩ ሲከፈት የሚመጣው ኔጋቲቭ መሆኑ ነው። አላርሙ ላይ ለበር ሁለት ሽቦ ታገኛለህ፣ አንዱ ለፖዘቲቭ ሌላው ለኔጋቲቭ። የምትጠቀመው የኔጋቲቩን ብቻ ነው። ሌላውን ጫፉን ሸፍነህ እሰረው።

ከዚያ ባትሪውን ለካ። ርካሽም ቢሆን ዲጂታል ቴስተር ይኑርህ። ሌሊቱን አድራ ጠዋት 12.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ሞተር ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ድረስ ካሳየህ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ሁሉን አጥፍተህ፣ በር ዘግተህ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፍታና ቴስተሩን በአምፔር አድርገህ በገመዱና በባትሪው መሃል አስገባው። ቁልፍ እንዳትነካ፤ ሞተሪኖ (ሞተር አስነሺውን) ከመታህ ቴስተሩ ይቃጠላል። ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ካየህ አላርም ሳይገባም መኪናዋ ኤሌትሪክ እያፈሰሰች ነው ማለት ነው፣ መጀመሪያ እሱን ፈልግ። አላርም ራሱ ሲጠብቅ ያድራልና ይበላል፤ የእኔ 20 ሚሊ አምፔር አካባቢ ነው። ትንሽ ይመስላል። በቀን ግማሽ አምፔር ሰዓት ገደማ ነው፤ መኪናዋን ለአንድ ወር አቁመህ ክፍለ ሀገር ከሄድክ 14 ደረሰ። ከ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ ሲሶው ሄደ ማለት ነው፤ ባትሪው ያረጀ ከሆነ ስትመለስ ገፊ ትፈልጋለህ።

አሁን የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ውረድ። ካርቶኑን ሳትከፍት አትግዛ። ሳይረን፣ ሁለት ሪሞት፣ የንዝረት ሴንሰር፣ ሪሌ (በኤሌትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ትንሿ ቀይ መብራትና ከሁሉም በላይ የሽቦ ሥዕሉ ያለበት ወረቀት መኖሩን እይ። ወረቀት የሌለው ርካሽ አላርም ውድ ነው። የሽቦ ቀለም ከኪት ኪት ይለያያልና የጓደኛህን ሥዕል አትዋስ።

ሥራው ላይ መጀመሪያ በ10 ቁልፍ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። ለመለካት ብቻ ነው መልሰህ የምታስረው። ከቁልፍ መክፈቻው ስር ካሉት ሽቦዎች ሦስት ትፈልጋለህ። አንዱ ሁልጊዜ 12 ቮልት ያለው። ሁለተኛው ቁልፍ ስታዞር የሚመጣና ሞተሪኖ ስትመታም የማይጠፋ። ሦስተኛው ሞተሪኖ ስትመታ ብቻ የሚመጣ። ሁለተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የቴፕና የሲጋራ መለኮሻውን ሽቦ ይይዛል፣ እሱ ደግሞ ሞተር ሲመታ ይጠፋል። ቀለም አትመን፤ ከአንተ በፊት ስንት እጅ ገብቶበታል። እኔ ዳሽቦርድ ስር የበር ደወል ሽቦ አግኝቻለሁ!

የአላርሙን ዋና የኃይል ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ካመጣህ ፊውዙን ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ አድርግ። ዳሽቦርድ ስር ያለ ፊውዝ ከባትሪ እስከዚያ ያለውን ሽቦ አያድንም። ሽቦውን ወደ ሞተር ክፍል ስታሳልፍ አዲስ ቀዳዳ ከመብሳትህ በፊት ላስቲክ ያለበትን የድሮውን ቀዳዳ ፈልግ። የላሜራ ጠርዝ ሽቦ ይቆርጣል፤ እሳት የሚነሳው ከእንደዚህ ዓይነቱ ነው። መገናኛውን ሁሉ በካውያ በይደው፣ በሙቀት የሚሸበሸበውን ቱቦ አልብሰው።

የፍሬቻ ሁለቱን ሽቦ አደራ ለየብቻ አስገባ፣ አንዱን ለቀኝ አንዱን ለግራ። እኔ "አንድ ነው" ብዬ አንድ ላይ ጠመዘዝኳቸው። በማግስቱ መገናኛ አደባባይ ላይ ወደ ቀኝ ስዞር አራቱም መብራት ይበራል። ከኋላዬ ያለው ታክሲ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሳይረኑን አፉን ወደ ታች አድርገህ ከጭስ ማውጫው ራቅ አድርገው። ወደ ላይ ካየ ውሃ ያጠራቅማል። ኮፈኑ ስርም እንደ በሩ ያለች ቁልፍ ግጠም። ባትሪ ፈላጊ ኮፈኑን ከከፈተ ሳይረኑን ለመቁረጥ አንድ ፒንሳ ይበቃዋል። ቢያንስ ሲከፍት ይጩህበት።

ስለ ሞተር ማቆሚያው ሪሌ የምለው አለኝ። አንዳንዱ ለሻማው እሳት የሚሰጠውን ኮይል አቋርጦ እንዲያጠፋ ያስገጥማል። እኔ አልወደውም። አዳማ መንገድ ላይ ከኋላህ ከባድ መኪና ተከትሎህ ሪሌው ቢበላሽ ሞተር ይጠፋብሃል። የሞተሪኖው ሽቦ ላይ ካደረግከው ግን የከፋው ነገር አለመነሳት ብቻ ነው። የሞተሪኖውን ሽቦ ቆርጠህ የሪሌው እግሮች ላይ በተጻፉት በ30 እና በ87ኤ መካከል አሳልፈው። 86 ከቁልፉ ሁለተኛ ሽቦ፣ 85 ከአላርሙ። እንዲህ ሲሆን ሪሌው የሚሠራው አላርሙ ተቆልፎ ሰው ቁልፍ ሲያዞር ብቻ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ አይበላም። አላርሙ ቢሞትም መኪናህ ትነሳለች።

እውነቱን ግን ላልደብቅህ። ዲኤክስ ተገፍታ ትነሳለች። ሌባውም ያውቃል። ለዚህ እኔ ከአላርሙ ጋር የማይገናኝ አንድ የተደበቀ ማብሪያ ማጥፊያ ኮይሉ ላይ ጨመርኩ፤ ወፍራም፣ 20 አምፔር የሚችል። የት እንዳለ ባለቤቴና እኔ ነን የምናውቀው። መካኒክ ጋ ስወስዳት እንኳ ራሴ አብርቼ ነው የምሰጠው።

የንዝረት ሴንሰሩን በፕላስተር እንዳታንጠለጥለው። ከመሪው ዘንግ ድጋፍ ወይም ከላሜራ ጋር አጥብቀህ እሰረው። ማስተካከያዋን ከዝቅተኛው ጀምረህ በትንሽ በትንሹ ጨምር። መስታወቱን በመዳፍህ መታ ስታደርግ ይጩህ፣ ድመት ኮፈኑ ላይ ስትወጣ አይጩህ። እኔ መጀመሪያ ከፍ አድርጌው የሐምሌ ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር ይጮህ ነበር። አሸዋ የጫነ አይሱዙ ሲያልፍም እንደዛው። ጎረቤት አንዴ ሁለቴ ይታገሳል፤ ሦስተኛው ላይ እውነተኛ ሌባ ቢመጣም መስኮት የሚከፍት የለም።

ሴንትራል ሎኩን ለጊዜው ተወው። ዲኤክስ የላትም፤ ስለዚህ አራት ሞተር ገዝተህ በር ሁሉ መፍታት አለብህ። አላርሙን ብቻ ገጥመህ ሁለት ሳምንት ንዳት፣ ሰላም ከሆነ ትመለስበታለህ። ያን ጊዜ ሁለት ነገር አስታውስ። አንደኛ፣ አብዛኛው አላርም የመቆለፊያ ጊዜ ምርጫ አለው፣ ግማሽ ሰከንድ ወይም 3.5 ሰከንድ። ረጅሙ በአየር ለሚቆለፉት እንደ ድሮዎቹ መርሴዲስ ያሉ ነው። የአንተን ትንንሽ ሞተሮች በዚያ ካሠራሃቸው ይቃጠላሉ። ሁለተኛ፣ የበሩን የውስጥ ላስቲክ ሉህ ቀድደህ አትጣል። ክረምት ላይ ውሃው በጨርቁ አልፎ ጭንህ ላይ ይወርዳል።

ሌላው፣ ሪሞት ሳይኖር አላርሙን እንዴት እንደምታጠፋው ዛሬውኑ ተለማመድ። አብዛኛው ላይ በቁልፍ ከፍተህ፣ ኮንታክት አብርተህ፣ ስትገጥም የደበቅካትን የአላርሙን ትንሽ መጫኛ ትጫናለህ። እኔ ይህን ወረቀቱ ላይ አንብቤ "እሺ" ብዬ ረሳሁት። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ደጃፍ የሪሞቱ ባትሪ አለቀ። ያቺ 27ኤ የምትባለው ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። በቁልፍ ስከፍት ሳይረኑ ለቀቀው። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወጣ። ላቤ እየወረደ ኮፈን ከፍቼ የባትሪ ገመድ በእጄ ነቀልኩ፤ አንድ አዛውንት ቀስ ብለው መጡና "ልጄ፣ ሟችም ሰምቶታል፣ በቃ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ትርፍ ባትሪ ኪሴ አይጠፋም።

ድካሙ ያዋጣል ወይ ብትል፣ ከ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ ወዲህ አሮጌ መኪና መተኪያው ስንት እንደሆነ ታውቀዋለህ። በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ያለችህን መያዝ ነው።

ስፖኪዮውን ግን አላርም አያድነውም። እጁ የቀና ሌባ ሴንሰሩ ሳይሰማ ያወጣዋል። እኔ ስፖኪዮዎቹና መብራቶቹ ላይ የታርጋ ቁጥሬን አስቀርጫለሁ፤ አንተም አላርሙን ልትገዛ ስትወርድ በዚያው አስቀርጽ። የውስጥ መብራቱን ሞክረህ የትኛው በር ላይ እንደሚርገበገብ ጻፍልኝ፣ የቀረውን ከዚያ እንቀጥላለን።