ሣጥኑ ሲወርድ ማንን ነው የምናየው?

ይድረስ፦ ሁለት ሆናችሁ አጫጭር የኮሜዲ ቪዲዮ ለምትሠሩ ወጣቶች

ከመካከላችሁ አንዱ የላከልኝ ጥያቄ አጭር ናት። "ጓደኛዬ ከወንበር ላይ ሲወድቅ ማንም አልሳቀም፤ ከፍ ካለ ቦታ ቢወድቅ ይሻላል?" ይላል። አይሻልም። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ደረጃ ልውሰዳችሁ። ጥያቄው የቀሰቀሰብኝ የቆየ ቁጭትም ያለው እዚያው ነው።

ደረጃው ሲልቨር ሌክ በሚባለው ሰፈር ከቬንዶም ጎዳና ተነሥቶ ሽቅብ ይወጣል። 133 እርከን አለው። የሆሊውዶቹ ጥንድ ኮሜዲያን ስታን ሎረልና ኦሊቨር ሃርዲ በ1927 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የልብስ ማጠቢያ ማሽን ተሸክመው ወጡበት። "ሃትስ ኦፍ" የተባለው ፊልም ማለት ነው። ዛሬ ይህ ፊልም የለም። የትም አገር አንድ ቅጂ አልተገኘለትም፤ የቀሩት ፎቶግራፎችና በጊዜው ስለ እሱ የተጻፉ ነገሮች ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ጥንድነታቸውን ገና እያገኙ በነበረበት ዓመት፣ ማሽኑ ሲያመልጣቸው ማን ማንን እንዳየና ስንት ሰከንድ እንደጠበቁ ማየት የሚችል ሰው ከእንግዲህ ላይኖር ይችላል። ለሙያው ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ እኔን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደግነቱ በ1932 ሐሳቡን እንደገና አነሡት። በዚያው ደረጃ ላይ፣ በማጠቢያ ማሽኑ ፋንታ በሣጥን የታሸገ ፒያኖ ይዘው "ዘ ሚዩዚክ ቦክስ"ን ሠሩ። አዘጋጁ ጄምስ ፓሮት፣ ፕሮዲዩሰሩ ሃል ሮች ነበር። ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለአጭር ኮሜዲ ፊልም የተሰጠውን የመጀመሪያውን ኦስካርም ወስዷል። በስልካችሁ ስክሪን እየዘለላችሁ ሳይሆን ቁጭ ብላችሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዩት።

ታሪኩ ይህ ነው ብሎ መናገር ያስቸግራል፤ ሁለት ሰዎች ፒያኖ ወደ ላይ ያደርሳሉ፣ ሌላ የለውም። ፖስተኛው ቤቱን ጠቁሞ ያሳያቸዋል፤ ቤቱ ያለው ደረጃው አናት ላይ ነው። ከጋሪው ሲያወርዱት ሃርዲ ጀርባውን ይሰጣል፤ ፈረሱ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲል ክብደቱ ሁሉ በሃርዲ ላይ ያርፋል። ከዚያ መውጣት ይጀምራሉ። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሞግዚት ከላይ ትመጣለች፤ እሷን ለማሳለፍ ሲሉ ሣጥኑ ያመልጣቸዋል። ቀጥሎ ፖሊስ ከታች ይጠራቸዋል፤ ሣጥኑ አሁንም ይወርዳል። አንድ የተቆጣ ፕሮፌሰር ጥርብ ባርኔጣውን አድርጎ "ከመንገዴ ላይ አንሡልኝ" ይላል፤ ባርኔጣው ደረጃውን ተንከባሎ መንገድ ላይ መኪና ይዳምጠዋል። በመጨረሻ አናቱ ላይ ደርሰው ደወል ሲደውሉ ሣጥኑ ሃርዲን እየጎተተ እስከ ታች ድረስ ይወርዳል።

አሁን ልብ በሉ። በእነዚህ መውረዶች ውስጥ ካሜራው ሣጥኑን አያሳድድም ለማለት ይቻላል። ከሩቅ ቆሞ ደረጃውን በሙሉ ይዞ ያሳየናል። ሣጥኑ ሲንሸራተት በየእርከኑ የፒያኖው ሽቦዎች ሲንጫረሩ ይሰማል፤ ድምፅ ለፊልም ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ እንዲህ አድርጎ መጠቀም ትልቅ ብልሃት ነው፤ ተመልካቹ ያልታየውን ጉዳት በጆሮው ይቆጥራል። ሣጥኑ ከቆመ በኋላ ደግሞ ማንም አይጮኽም። ሃርዲ ቀስ ብሎ ቀና ይልና ወደ እኛ ያያል። ሎረል ወደ ሃርዲ ያያል። ተመልካቹ የሚስቀው እዚህ ላይ ነው። አወዳደቁ ሳቁን ያዘጋጃል፤ ሳቁን የሚያወጣው ግን ከወደቀ በኋላ ያለው ፊት ነው። ወንድሜ፣ የአንተ ጓደኛ ሲወድቅ ቪዲዮው ወዲያው ተቆርጦ ወደ ሚቀጥለው ቀልድ ሄደ። ሰው ሊስቅ አፉን ሲከፍት በሩን ዘጋችሁበት።

ቀጥሎ የሚመጣውን አብዛኛው ሰው አያስተውለውም። ፖስተኛው ተመልሶ ይመጣና፣ በጋሪው ዞረው ቢመጡ በመኪና መንገዱ ቤቱ ድረስ መድረስ ይችሉ እንደነበር ይነግራቸዋል። ምን ያደርጋሉ? ፒያኖውን መልሰው ደረጃውን በሙሉ ያወርዱታል፣ ጋሪው ላይ ይጭኑታል፣ ዞረው ይመጣሉ። ለእኔ ከአወዳደቆቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሁለቱ ሰዎች ሞኞች ናቸው፤ ነገር ግን በሞኝነታቸው ውስጥ ፍጹም ሥርዓት አለ። የዛሬ ልጆች ሞኝ ስትጫወቱ እንደ ሰካራም ትወላገዳላችሁ፣ ዓይን ታንሸዋርራላችሁ። ሎረል እንዲህ አላደረገም። የተነገረውን ሁሉ በቅንነት የሚፈጽም ሰው ነው የተጫወተው። የጫማውን ተረከዝ አስነቅሎ በጠፍጣፋ እግር መራመዱ ብቻ አካሄዱን ለወጠው፤ ሌላ ጌጥ አላስፈለገውም።

ሥራቸውን እንዴት እንደተከፋፈሉም እወቁ። ሃርዲ ቀረጻው ሲያልቅ ጎልፍ ሜዳ ይሄዳል። ሎረል ኤዲቲንግ ክፍል ይገባል። ቀልዱን የሚፈጥረውም የሚለካውም እሱ ነበር። ፊልሞቹን አስቀድመው ለተመልካች ያሳዩና ሳቁ የት እንደመጣና ምን ያህል እንደቆየ ይከታተላሉ፤ ከዚያ የሚቀጥለው ንግግር በሳቁ እንዳይዋጥ በሾቶቹ መካከል ጊዜ ይጨምራሉ። ቤታችሁ ብቻችሁን ስታዩአቸው ዝምታው የረዘመ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው፤ ያ ዝምታ ለሞላ አዳራሽ የተተወ ቦታ ነው።

ስለ አቀባዩ ልናገር፤ በየቪዲዮው የሚበደለው እሱ ነውና። አቀባይ የምለው ቁምነገረኛውን፣ ጥያቄ እየወረወረ ሌላው እንዲያስቅ የሚያመቻችለትን ነው። በአሜሪካ የቡርሌስክ (ቀልድና ጭፈራ የሚቀርብበት ትርዒት) መድረክ አቀባይ ውድ ሰው ነበር። ባድ አቦትና ሉ ኮስቴሎ ሲጀምሩ ከገቢያቸው 60 በመቶው የአቦት፣ 40 በመቶው የኮስቴሎ ነበር፤ በኋላ ነው የተገለበጠው። አስቂኙ ይገኛል፣ ጊዜ የሚጠብቅ አቀባይ ግን አይገኝም ይባል ስለነበር ነው። በ1945 በሠሩት "ዘ ኖቲ ናይንቲስ" ውስጥ የቤዝቦል ተጫዋቾቹን ስም የሚከራከሩበትን ክፍል ስታዩ ኮስቴሎን ተዉትና አቦትን ብቻ ተከታተሉ። አንዴም ፈገግ አይልም፣ አይቸኩልም፣ ለእሱ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ነው። በእኛም አገር ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩን፣ አለባቸው ተካንና ልመንህ ታደሰን ያየ ሰው ጥንድ ኮሜዲ ምን እንደሆነ ያውቃል። እናንተ ግን ሁለታችሁም አስቂኝ መሆን ትፈልጋላችሁ፣ ስለዚህ አቀባይ የለም።

የቮዴቪል (ልዩ ልዩ አጫጭር ትርዒቶች የሚቀርቡበት የድሮ መድረክ) ሰዎች ይህን ሁሉ ያገኙት በድግግሞሽ ነው። አንድ ጥንድ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል የምትሆን ሥራ ይዞ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ያቺኑ ሥራ ለዓመታት ይጫወታል። እናንተ በየቀኑ አዲስ ቪዲዮ ካልለቀቅን ተመልካች ይረሳናል ትላላችሁ፤ አንዱም ሳይበስል ሌላው ይጣዳል። በዚህ አልስማማም።

የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያኑ በስተር ኪተን ትዝ አለኝ። በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር መድረክ ሲሠራ አባቱ እያነሣ ይወረውረው ነበር፤ ለመያዝ እንዲመች ልብሱ ላይ የሻንጣ እጀታ ተሰፍቶለታል። እሱ ሲስቅ ተመልካቹ እንደማይስቅ፣ ፊቱን ሲያጠነክር ግን አዳራሹ በሳቅ እንደሚፈርስ የተማረው ያኔ ነው። ጥንድ ስላልሆነ ከርዕሴ ውጪ ነው፤ ግን እሱንም እዩት።

ወደ ሥራው እንግባ። ሣጥን የመሸከም ትዕይንት ሥሩ። ባዶ ሣጥን አትጠቀሙ፤ ባዶ መሆኑ በተሸካሚው ክርን ይታወቃል፣ ክርኑ ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ጉልበቱም አይጎብጥም። ከ15 እስከ 20 ኪሎ የሚሆን አሸዋ በከረጢት አድርጋችሁ ከሣጥኑ ወለል ጋር እሠሩት፤ ከላይ ከሆነ ይገለበጣል፣ ካልታሰረ ይንሸራተትና ጣት ይቀጠቅጣል። ከፍሬም ውጪ ሦስተኛ ሰው ከኋላ ገመድ ይያዝ። ደረጃው አምስት እርከን ካለው ይበቃል። የሚወድቀው ልጅ አገጩን ወደ ደረቱ ያስጠጋ፣ ትንፋሹን እያወጣ በጭኑና በትከሻው ሥጋ ይረፍ። እጁን ዘርግቶ መሬት ለመያዝ የሚሞክር ሰው የእጁ አንጓ ሊሰበር ይችላል። በልብስ ሥር ስፖንጅ ይደረግ፣ ልምምዱም ፍራሽ ላይ ይጀመር።

ካሜራውን ሁለታችሁም ከራስ እስከ እግር በምትታዩበት ቦታ ትከሉትና አትንኩት። ስልኩን አግድም ያዙት፤ ቁም ከሆነ አንዳችሁ ከፍሬም ትወጣላችሁ፣ ጥንድነቱም አብሮ ይጠፋል። ካሜራው አይነካ ብያለሁ፤ ሆኖም ከወደቀ በኋላ ለሚመጣው ፊት አንድ ክሎዝ አፕ ለብቻው ቅረጹ። ሃርዲም ያለዚያ አይሆንለትም ነበር። ፍጥነቱን በአፕሊኬሽን አታጣድፉት። የድምፅ አልባ ዘመን ፊልም ተጣድፎ የሚታየን በአብዛኛው በሰከንድ በጥቂት ፍሬም (ምስል) የተቀረጸው በሰከንድ በ24 ፍሬም ስለሚታይ ነው።

የጥሬ ቀረጻችሁን አትደምስሱ። ስልክ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ነው። አንዱን ቅጂ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሌላውን ሌላ ሰው ቤት አስቀምጡ። "ዘ ባትል ኦቭ ዘ ሴንቸሪ" ከተባለው የሎረልና ሃርዲ ፊልም ሁለተኛው ሪል (የፊልም ጥቅል) ለአሥርት ዓመታት በአብዛኛው ጠፍቶ ኖሮ በ2015 ተገኝቷል የተባለው አንድ ሰው ቅጂውን ስላቆየው ነው። "ሃትስ ኦፍ" እስካሁን ያ ዕድል አልገጠመውም።

ቪዲዮው ሲጠናቀቅ ቶሎ አትልቀቁት። እናንተን ለማያውቁ አሥር ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ አሳዩ። ስክሪኑን ሳይሆን እነሱን እዩ፣ ድምፃቸውንም ቅዱ። ሳቁ ሦስት ሰከንድ ከቆየና ፊቱን አንድ ሰከንድ ብቻ ካሳያችሁ ሁለት ጨምሩበት። ምንም ሳቅ ከሌለ የአወዳደቁን ከፍታ ሳይሆን ከመውደቁ በፊት ያለውን መርምሩ፤ ተመልካቹ ሣጥኑ ሊያመልጥ እንደሆነ ከተሸካሚዎቹ ቀድሞ አውቋል ወይ? ካላወቀ መጀመሪያውን እንደገና ቅረጹ፣ ከዚያ ለሌሎች አሥር ሰዎች አሳዩ።