ስለማይድን የእግር ቁስልና እብጠት ጠይቁኝ፣ ዛሬ ማታ ፋሻ ፋሻ ነው

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረሮችም። ነርስ ነኝ፣ ቁስል ማሰሪያ ክፍል ነው የምውለው፣ ሰሞኑን ስለ እግር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ መብራትም ስላለ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ትልቁንም ትንሹንም አንተ አንቺ ነው የምለው፣ ድሬ ነው ያደግኩት አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እናቴ ከፊራ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ነው። ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ቁስል ወጥቶባት 8 ወር ሆነው፣ ዙሪያው ጠቁሯል፣ ውሃ ውሃ ይላል። አምፒሲሊን ከፍተን ስንነሰንስበት ደረቅ ይልና ተመልሶ ይፈነዳል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቦታውም መልኩም የደም ስር ቁስል ይመስላል፣ ግን ሳላየው አልምልም። ደም ከእግር ወደ ልብ ሲወጣ ተመልሶ እንዳይወርድ ደም ስሩ ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ፣ ቫልቭ የምንላቸው። እነሱ ሲበላሹ ደሙ ቁልቁል ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ውሃው ወደ ስጋው ይሰርጋል፣ ቆዳው ይጠቁርና አንድ ቀን ትንሽ ነገር ሲነካው ይከፈታል። ታዲያ ግፊቱ እንዳለ ሆኖ ከላይ ዱቄት ብትነሰንሺበት ምን ሊሆን ነው? ቧንቧው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው በይው። ያ ዱቄት ደግሞ ቆዳውን ያስቆጣል፣ ባክቴሪያውንም መድኃኒት ያስለምደዋል። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ እግሩ ከጋለ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይ ህመሙ ከባሰ ነው፣ እሱንም በሐኪም ትእዛዝ። አሁን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እጠቢው፣ የማይጣበቅ ቫዝሊን ያለው ጎዝ አድርጊበት። ዋናው መድኃኒት ግን ከላይ የሚጠቀለለው ፋሻ ነው።

ጥያቄ፦ እና ፋሻውን ከፋርማሲ ገዝቼ ዛሬውኑ ላስርላት?

መልስ፦ ኧረ ቆይ አቦ! መጀመሪያ ወደ እግሯ የሚወርደው ደም በደንብ መድረሱ ይታወቅ። የቁርጭምጭሚትን ግፊት ለክንድ ግፊት እናካፍላለን፣ 0.8ና ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ አጥብቀን እናስራለን፣ ከ0.5 በታች ከሆነ ጭራሽ አናስርም፣ በመሃል ያለው ስፔሻሊስት ያየው። ከ1.3 በላይ ከወጣም ደስ አይበልሽ፣ ስኳር ያለበት ሰው የደም ቧንቧው ደርቆ ቁጥሩ ይዋሻል። አንድ የስኳር በሽተኛ አባት ልጁ አዝኖለት ጥብቅ አርጎ ጠቅልሎለት አድሮ ጠዋት አውራ ጣቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ መጣ፣ እስካሁን አይኔ ላይ አለ። ስለዚህ ስኳር ያለበት፣ ሲጋራ ያጨሰ፣ ሲራመድ ባቱን የሚይዘው፣ እግሩ የሚቀዘቅዝ ሰው ሳይለካ አይታሰርም።

ጥያቄ፦ ተለክቶልኛል፣ እሰሩ ተብለናል፣ ግን ባለቤቴ ስታስርልኝ ሁሌ ይንሸራተታል፣ ከጉልበቴ ስር ደግሞ ያንቀኛል።

መልስ፦ የቀረውን ፋሻ እላይ ነው የምትጨርሰው አይደል? ገባኝ። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ፣ እብጠቱ ሳይመለስ ትጀምር። እግርህ ዘርጋ ብሎ ጣቶችህ ወደ ጣራ ይዩ፣ እግርህን ዘቅዝቀህ ከታሰርክ በኋላ ስትቆም ፋሻው ይታጠፍና ፊት ለፊት ይቆርጥሃል። መጀመሪያ ጥጥ ጥቅል ታድርግ፣ ቅልጥምህ ላይና በቁርጭምጭሚቱ አጥንት ዙሪያ ያለው ጎድጓዳ ላይ ወፈር አርጋ፣ ይሄን ሰው ሁሉ ይዘለዋል ከዛ አጥንቱ ላይ አዲስ ቁስል ይዞ ይመጣል። ከዛ 10 ሳንቲ ስፋት ያለውን ፋሻ ከጣቶችህ ስር ጀምራ ሁለት ዙር፣ ተረከዙን ጨምሮ (ተረከዝ ክፍት ከቀረ እሱ ብቻ እንደ ዳቦ ይነፋል)፣ ከዚያ ወደ ላይ እያንዳንዱ ዙር የታችኛውን ግማሽ እየሸፈነ፣ አሳሳቡ ከታች እስከ ላይ አንድ አይነት። እላይ ላላ ላድርግ ብላ አትጨነቅ፣ ቁርጭምጭሚት ቀጭን ባት ወፍራም ስለሆነ በአንድ አይነት ሳብ ከታች በራሱ ይጠብቃል ከላይ ይላላል፣ የምንፈልገውም እሱኑ ነው፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የፋሻው ግፊት 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ። ከጉልበት ሁለት ጣት ዝቅ ብላ ታቁም። የተረፈውን ቆርጣ ትጣለው! እዛው እየደራረበች ስለጨረሰችው ነው ገመድ የሆነብህ። በፕላስተር ትለጥፈው፣ ያቺ የብረት መያዣ ቆዳ ትቧጭራለች።

ስትጨርስ የጣትህን ጥፍር ትጫነው፣ ነጭ ሆኖ ወዲያው ቀይ ካልተመለሰ፣ ወይ ጣቶችህ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ፣ ሌሊት ህመም ከቀሰቀሰህ ፈተህ ጣለው፣ እስኪነጋ አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ በድሬ ሙቀት ይሄን ሁሉ ጥጥና ፋሻ? ሰው መሆናችንን ረሳሽው እንዴ

መልስ፦ 😄 እውነትህን ነው፣ ሚያዝያ ላይ እኔም አልፈርድም። ግን ሙቀቱ ራሱ ደም ስሩን ያሰፋና እብጠቱን ያብሰዋል። ቀጭን የጥጥ ካልሲ ከስር አድርግ፣ ቆዳውን ቫዝሊን ቀባ፣ ቀን በጥላ። ሲያሳክክ በሹራብ መስሪያ ከስር የምትገቡ ሰዎች ግን ተዉ፣ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ዋሪያ፣ ከበርጫ ስነሳ እግሬ አብጦ ጫማ አይገባም፣ ጫቱ ነው?

መልስ፦ አምስት ሰዓት እግርህን አጥፈህ ከተቀመጥክ ሻይም ብትጠጣ ያብጣል። ደሙን ወደ ላይ የሚገፋው የባትህ ጡንቻ ነው፣ እሱ የሚሰራው ስትራመድ ነው። በየመሃሉ ተነስ፣ ተረከዝህን ከፍ ዝቅ አርግ። ቤት ስትገባ እግርህን ከልብህ ከፍ አርገህ ግማሽ ሰዓት ተኛ። ጠዋትም ካልጎደለ ታየው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ በአውቶቡስ መጥቼ በ3ኛው ቀን አንድ ባቴ ብቻ አበጠ፣ ያመኛል፣ ፋሻ ልሰርበት?

መልስ፦ አትሰር፣ አታሽ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂድ። የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ ወደ ሳንባ ከሄደ አደገኛ ነው። ትንፋሽ ካጠረህ ወይ ደረትህን ከወጋህ ድንገተኛ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ የደም ግፊት ኪኒን ከጀመረ ሁለቱም እግሩ ያብጣል።

መልስ፦ አምሎዲፒን ከሆነ ያሳብጣል፣ ራሳችሁ አታቁሙት፣ ያዘዘው ሐኪም ይቀይረው። ሁለት እግር አብጦ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ግን ልብና ኩላሊት ይታይ፣ ልቡ የደከመን ሰው ጥብቅ አርጎ ማሰር ውሃውን ወደ ሳንባው መስደድ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አያቴ ከጎጃም መጥታ እኛ ጋ ናት፣ ዝሆኔ ነው ይሏታል፣ ይሄ ፋሻ ይረዳታል?

መልስ፦ በባዶ እግር ቀይ አፈር እየረገጠች ካረሰች ፖዶኮኒዮሲስ (ከአፈሩ የሚመጣው የእግር እብጠት) ሊሆን ይችላል፣ እርግማንም ተላላፊም አይደለም። በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መሃል ማድረቅ፣ ቫዝሊን፣ ካልሲና ጫማ። ፋሻውም ይረዳል፣ ግን እሷም ትለካ።

ጥያቄ፦ ሲስተር የከፊራዋ ልጅ ነኝ፣ ነገ ላምጣት? ስንት ጊዜ ይፈጅባታል?

መልስ፦ አምጫት። ከ3 እስከ 6 ወር ያዢ፣ ፋሻው በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ይቀየራል፣ ሲድን ደግሞ ጥብቁን ካልሲ ታደርጋለች፣ ካልሲውን ከተወችው ይመለሳል። ጠዋት 2 ሰዓት ሳታረፍጂ፣ ገበያ ሳትወጣ። ሰፊ ነጠላ ጫማ ያዢላት፣ ከፋሻው ጋር ያ የምታደርገው ሸራ አይገባትም።